በግሉ ለሚሠራ ሰው የትኛው የሂሳብ ፕሮግራም ይሻለዋል?

እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ በአስተርጓሚነት እሠራለሁ። ጠዋት ሲልቨር ስፕሪንግ ክሊኒክ፣ ከሰዓት አሌክሳንድሪያ ትምህርት ቤት፣ ማታ ደግሞ በስልክ። ቋሚ ቀጣሪ የለኝም፤ ሥራ የሚልኩልኝ የተለያዩ ኤጀንሲዎች ናቸው። እንዲህ የሚኖር ሀበሻ ብዙ ነው። ሠርግ የሚቀርጽ አለ፣ ድረ ገጽ የሚሠራ አለ፣ ሰነድ የሚተረጉም አለ። ስንገናኝ ታዲያ አንድ ጥያቄ አይቀርም፦ «ለኢንቮይስና ለታክስ በምን ትጠቀማለህ?»

መልሱ አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ፕሮግራም ስም ነው። «ኩዊክቡክስ ያዝ።» «ዌቭ ነፃ ነው፣ ምን አስጨነቀህ?» ጠያቂው ሄዶ ይመዘገባል። ሁለት ወር ይሠራበትና ይተወዋል። እኔም ሁለት ጊዜ እንዲሁ ጀምሬ ትቻለሁ። ፕሮግራሞቹ መጥፎ ሆነው አልነበረም። ገንዘቤ በየት በኩል ዞሮ እጄ እንደሚገባ ሳላስብ ስለመረጥኳቸው ነው።

ስለዚህ ከፕሮግራም ስም በፊት ስለ መንገዱ እናውራ።

አስቀድሞ ግን አንድ ነገር እንለይ። ኢንቮይስ መላክና ሂሳብ መያዝ ሁለት ሥራዎች ናቸው። ኢንቮይስ «ይህን ሠርቻለሁ፣ ይህን ያህል ክፈሉኝ» የሚል የክፍያ መጠየቂያ ነው። ደረሰኝ የሚባለው ከተከፈለ በኋላ የሚሰጠው ነው። ሂሳብ መያዝ ደግሞ የገባውንና የወጣውን በየዓይነቱ መመዝገብ፣ ከባንኩ ጋር ማመሳከር፣ በመጨረሻም «ዘንድሮ ስንት አተረፍኩ?» ለሚለው መልስ ማግኘት ነው። እንደ ዞሆ ኢንቮይስ ያሉት በዋናነት የመጀመሪያውን ሥራ ይሠራሉ፤ ያውም በነፃ። ኩዊክቡክስ፣ ፍሬሽቡክስና ዌቭ ሁለቱንም ይሞክራሉ። ጂኑካሽ የሚባለው ደግሞ በነፃ አውርዳችሁ ኮምፒውተራችሁ ላይ የምትጭኑት ነው፤ ጥንካሬው ሂሳብ መያዙ ላይ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጉድለቱ አንደኛው ጋ ሆኖ ሳለ ለሌላኛው ፕሮግራም ሲከፍል ነው።

የራሴን መንገድ ልንገራችሁ። ኤጀንሲው ሥራ ይልካል፣ እቀበላለሁ። ሄጄ እሠራለሁ። የገባሁበትንና የወጣሁበትን ሰዓት ጸሐፊዋ ትፈርምልኛለች። ማታ በኤጀንሲው ገጽ ገብቼ ሰዓቱን እሞላለሁ። ከዚያ 30 ቀን፣ አንዳንዴም 45 ቀን እጠብቃለሁ። ገንዘቡ ሲመጣ የብዙ ሥራዎች ክፍያ ባንድ ላይ ተደምሮ ነው የሚገባው።

እስቲ እዚህ መንገድ ላይ ኢንቮይስ የት ጋ አለ? የለም። ኤጀንሲው ራሱ ነው የሚያሰላው። እኔ ግን ባማረ አርማ ኢንቮይስ ለሚያዘጋጅ ፕሮግራም በየወሩ ስከፍል ነበር። የሚያስፈልገኝ ሌላ ነገር ነበር፤ የሠራሁትንና የተከፈለኝን ጎን ለጎን የሚያሳየኝ።

ይህን የተረዳሁት ገንዘብ ጎድሎብኝ ነው። የአስተርጓሚ ክፍያ ቀላል አይደለም። 40 ደቂቃ ብትሠሩም የሁለት ሰዓት ዝቅተኛ ክፍያ ይኖራል። በዕለቱ የተሰረዘ ሥራ እንደ ውሉ ይከፈላል። አንዳንዱ የማይል ክፍያ ይጨምራል፣ አንዳንዱ አይጨምርም። አንድ ጊዜ የሰባት ሥራ ክፍያ ነው ብዬ የተቀበልኩትን ገንዘብ ከወራት በኋላ ተቀምጬ ስበትነው ስድስት ሆኖ ተገኘ። ጠዋት የተሰረዘው ሥራ አልተካተተም ነበር። ስጠይቃቸው ከፈሉኝ። ባልጠይቅ ግን ቀርቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ድምሩን ብቻ አይቼ አላልፍም።

አሁን እንዲህ አደርጋለሁ። እያንዳንዱን ሥራ በፕሮግራሙ ውስጥ እንደ አንድ ኢንቮይስ እመዘግበዋለሁ። ለማንም አልልከውም። የኤጀንሲውን የሥራ ቁጥርም እጽፍበታለሁ። ገንዘቡ ሲገባ ያንን አንድ ገቢ ለሰባቱም ኢንቮይሶች አከፋፍላለሁ። ሳይዘጋ የቀረ ካለ ቀይ ሆኖ ይታየኛል። ስለዚህ ፕሮግራም ስመርጥ የመጀመሪያው ጥያቄዬ «አንድ ገቢን ለብዙ ኢንቮይስ ማከፋፈል ይችላል ወይ?» የሚል ነው። ማስታወቂያው ላይ ይህን አታገኙትም። ገብታችሁ መሞከር አለባችሁ።

የእናንተ መንገድ ሌላ ሊሆን ይችላል። ሠርግ የምትቀርጹ ከሆነ ቅድሚያ ክፍያ ትቀበላላችሁ፣ ቀሪው ቪዲዮው ሲሰጥ ይመጣል። እንግዲያው ግማሽ ክፍያን በደንብ የሚይዝ ፕሮግራም ያስፈልጋችኋል። ድረ ገጽ የምትሠሩ ከሆነ በየወሩ የሚደጋገም ክፍያ ይኖራችኋል፤ ራሱ ቀኑን ጠብቆ የሚልክ ያሻል። ሰነድ የምትተረጉሙ ከሆነ በቃላት ብዛት ወይም በገጽ ነው የምታስከፍሉት። አንድ ወረቀት ውሰዱና ሥራው ከተጠየቀበት ደቂቃ ጀምሮ ገንዘቡ ባንክ እስኪገባ ያለውን እያንዳንዱን እርምጃ ጻፉ። ገንዘብ ወይም ጊዜ የሚፈስበት ቦታ ራሱን ያሳያችኋል።

ለብዙዎቻችን አንዱ ቀዳዳ ኢንቮይሱን ራሱን ማዘግየት ነው። ደንበኛው በ30 ቀን እከፍላለሁ ሲል ብዙ ጊዜ የሚቆጥረው ኢንቮይሱ ከደረሰው ቀን ነው። ሥራውን በ3 ጨርሳችሁ ኢንቮይሱን በ20 ከላካችሁ 17 ቀን የራሳችሁን ገንዘብ አስይዛችኋል። እዚህ ላይ ስልክ ላይ በደንብ የሚሠራ ፕሮግራም ዋጋ አለው። መኪና ውስጥ ቁጭ ብላችሁ በሁለት ደቂቃ ልካችሁ መሄድ ትችላላችሁ።

ሌላው ቀዳዳ የኢንቮይስ ቁጥር ነው። በዎርድ የምንሠራ ሰዎች የድሮውን ኢንቮይስ ከፍተን ስሙንና ዋጋውን ቀይረን እናስቀምጣለን። አንድ ቀን «ሴቭ አዝ» ማለት ረስተን የድሮው ይጠፋል። ፍሬሽቡክስ የተፈጠረው ከዚሁ ችግር ነው። ማይክ ማክደርመንት የሚባል ቶሮንቶ የሚኖር ሰው በ2003 የድሮ ኢንቮይሱ ላይ ሌላ ደርቦ አስቀመጠበትና ተናዶ የራሱን መሥሪያ ጀመረ። ቁጥሩን ራሱ በተራ የሚሰጥና የተላከውን የማያጠፋ ማንኛውም ፕሮግራም ይህን ቀዳዳ ይደፍናል። ነፃዎቹም ጭምር።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ እንምጣ። ታክስ።

ተቀጣሪ የሆነ ሰው ታክሱ ተቆርጦ ነው ደመወዙ የሚደርሰው። እኛ ሙሉው ይደርሰናል። ባንክ ያለው ገንዘብ ሁሉ የኛ ይመስለናል። ግን አይደለም። በአሜሪካ በግሉ የሚሠራ ሰው ከገቢ ታክሱ ሌላ ለሶሻል ሴኩሪቲ (ለጡረታ) እና ለሜዲኬር (ለአረጋውያን ሕክምና) 15.3 ከመቶ ይከፍላል። 12.4ቱ ለሶሻል ሴኩሪቲ፣ 2.9ኙ ለሜዲኬር ነው። የሚሰላውም በተጣራው ትርፍ 92.35 ከመቶ ላይ ነው። በቁጥር እንየው። በወር ወጪ ተቀንሶ 4,000 ዶላር ቢቀራችሁ ለዚህ ብቻ ወደ 565 ዶላር ይሄዳል። የፌዴራልና የስቴት ገቢ ታክስ ገና አልተነካም።

ደግሞ እስከ ኤፕሪል ድረስ ዝም ብሎ መጠበቅ የለም። በዓመቱ 1,000 ዶላርና ከዚያ በላይ ታክስ ይኖርብኛል ብሎ የሚገምት ሰው በአጠቃላይ በአራት ጊዜ እየከፈለ መሄድ አለበት፦ ኤፕሪል 15፣ ጁን 15፣ ሴፕቴምበር 15 እና በቀጣዩ ዓመት ጃንዋሪ 15። ልብ በሉ፣ በኤፕሪልና በጁን መካከል ያለው ሁለት ወር ብቻ ነው። ብዙ ሰው የሚያዘው እዚያ ላይ ነው።

ጥሩ የሂሳብ ፕሮግራም እዚህ ላይ ይለያል። በማንኛውም ቀን ከፍታችሁ «ከጃንዋሪ ጀምሮ ትርፌ ስንት ነው?» ብትሉት በአንድ ገጽ ይመልሳል። ያንን ቁጥር ይዛችሁ የመንግሥቱን ድርሻ ወደ ሌላ የባንክ ሂሳብ ታሸጋግራላችሁ። ፕሮግራሙ ራሱ ታክሱን ቢገምትላችሁ ደግ ነው፤ ግን የትዳር ጓደኛችሁን ደመወዝና የልጆቻችሁን ቁጥር ካላወቀ ግምቱን እንደ መጨረሻ ቃል አትውሰዱት።

ሁለት ነገር ሂሳቡን ያበላሻል፣ ሁለቱም በኔ ደርሰዋል።

አንደኛው ገቢን ሁለት ጊዜ መቁጠር ነው። ኢንቮይስ ትመዘግባላችሁ። በኋላ ባንኩ ከፕሮግራሙ ጋር ስለተገናኘ ያው ገንዘብ በራሱ ይመጣል። ከኢንቮይሱ ጋር ሳታገናኙት «ገቢ» ብላችሁ ካስገባችሁት ያልሠራችሁትን ሠርታችኋል ይላችኋል። ታክሱም በዚያ ልክ ያድጋል። ፕሮግራሙ «ይህ ገንዘብ የዚህ ኢንቮይስ ክፍያ ይመስላል» ብሎ የሚጠቁም ከሆነ ብዙ ያሳርፋል።

ሁለተኛው ገቢው የየትኛው ዓመት ነው የሚለው ነው። አብዛኞቻችን የምንይዘው ገንዘቡ እጃችን ሲገባ በሚቆጠር ሂሳብ ነው። ዲሴምበር ላይ ሠርቼ ጃንዋሪ ላይ ከተከፈለኝ የአዲሱ ዓመት ገቢ ነው። አንዳንድ ፕሮግራሞች ግን ካልነገራችኋቸው ኢንቮይሱ ከተጻፈበት ቀን ጀምረው ይቆጥራሉ። ማስተካከያው ውስጥ ገብታችሁ ሪፖርቱ በጥሬ ገንዘብ ስሌት (cash basis)፣ ማለትም ገንዘቡ ሲገባ በሚቆጠረው፣ እንዲወጣ ማድረጋችሁን አረጋግጡ። ይህን ምርጫ ጨርሶ የማይሰጥ ከሆነ ሌላ ፈልጉ።

ወጪ ላይ ለኛ ትልቁ ማይል ነው። ለ2025 አይአርኤስ (የአሜሪካ ታክስ መሥሪያ ቤት) የፈቀደው በማይል 70 ሳንቲም ነበር። በቀን 60 ማይል ለሥራ ከነዳችሁ 42 ዶላር ከገቢያችሁ ላይ የሚቀነስ ወጪ ነው። ግን ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ቀኑ፣ የሄዳችሁበት ቦታ፣ ለምን እንደሄዳችሁና ስንት ማይል እንደሆነ። በዓመቱ መጨረሻ ቁጭ ብሎ በግምት መጻፍ አያዋጣም። ስልክ ላይ ሆኖ ጉዞውን በራሱ የሚመዘግብ ፕሮግራም ለአስተርጓሚ ኢንቮይስ ከሚያሳምር ፕሮግራም በብዙ ይበልጣል። የሆስፒታል ፓርኪንግና የመንገድ ክፍያም ከማይሉ ላይ ተጨማሪ ሆነው ይያዛሉ። የፓርኪንግ ቅጣት ግን አይያዝም። ኤጀንሲው ማይል ከፍሏችሁ ያንኑ በ1099 ፎርም (በዓመቱ የከፈላችሁን በሚያሳየው ቅጽ) ላይ ደምሮ ከላከው ደግሞ ገቢ ሆኖ ይመዘገባል፣ ከዚያ የራሳችሁን ማይል ትቀንሳላችሁ። ሁለቱን ያላገናኘ ሰው ወይ ይጎዳል ወይ ያልተገባ ይቀንሳል።

ደረሰኞችን በፎቶ የሚያስቀምጥ መሆኑንም እዩ። የነዳጅ ማደያና የፓርኪንግ ወረቀት በስድስት ወር ውስጥ ነጭ ይሆናል።

እንግዲህ ስሞቹን እናንሳ። የራሴን አስተያየት ነው የምነግራችሁ።

በወር ሁለትና ሦስት ኢንቮይስ ብቻ የምትልኩ ከሆነ ምንም አትግዙ። ነፃ የኢንቮይስ ፕሮግራምና አንድ የኤክሴል ሠንጠረዥ ይበቃል። ቀን፣ ደንበኛ፣ መጠን፣ የተከፈለበት ቀን፣ ዓይነት። በየእሑዱ 15 ደቂቃ ስጡት። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት የለም፤ ቁጥሩ በእጃችሁ ስለሚያልፍ ሥራችሁን ታውቁታላችሁ።

ዌቭ ኢንቮይስና ሂሳብ አያያዝን በነፃ ይሰጣል። ትንሽ ገቢ ላለው ሰው እውነተኛ እርዳታ ነው። ባንኩን በራሱ እያገናኘ ማስገባቱ ግን ወደ ሚከፈልበት ክፍል ተዛውሯል። «ነፃ» ሲባል ምኑ ነፃ እንደሆነ ጠይቁ።

ፍሬሽቡክስ ኢንቮይሱ ያምራል፣ አጠቃቀሙም ቀላል ነው። ዝቅተኛው እርከን ግን አምስት ደንበኛ ብቻ ነው የሚፈቅደው። ሁለት ትልልቅ ደንበኛ ላለው ዲዛይነር ምንም አይደለም። በየሳምንቱ አዲስ ቤተሰብ ሰነድ የሚያስተረጉመው ሰው ግን በአንድ ወር ይሞላበታል።

ኩዊክቡክስ እዚህ አገር ያለ አካውንታንት ሁሉ የሚያውቀው ነው። ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ታክስ የሚሠራላችሁን ሰው «ግባና እይ» ማለት ትችላላችሁ። ለብቻው ለሚሠራ ሰው ሶሎፕረነር የሚባል አነስ ያለ ዓይነት አለው። ማይል ይመዘግባል፣ ወጪውንም በስኬጁል ሲ (የግል ሥራ ትርፍ በሚሞላበት የታክስ ቅጽ) መደቦች ይለያል። ከሱ በፊት የነበረውን ሰልፍ-ኢምፕሎይድ የሚባል ዓይነት ይጠቀሙ የነበሩ ሰዎች ሥራቸው አድጎ ወደ ትልቁ ሲሻገሩ መረጃቸውን እንዳለ ይዘው መሄድ አልቻሉም ነበር። ስለዚህ «ባድግ ምን ይሆናል?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ይህ ወደ አንድ ነገር ይወስደኛል፤ መውጫ በር። ዲሴምበር 27 ቀን 2024 ቤንች የሚባል የሂሳብ አያያዝ ድርጅት በድንገት መዘጋቱን አስታወቀ። በሺዎች የሚቆጠሩ አነስተኛ ነጋዴዎች የዓመቱን ሂሳብ ሊዘጉ ሲሉ ነው የሆነው። ከጥቂት ቀን በኋላ ሌላ ድርጅት ገዛው፣ ሰዎቹም ትንፋሽ አገኙ። ግን በነዚያ ቀናት የነበረውን ጭንቀት አስቡት። የትኛውንም ፕሮግራም ከመያዛችሁ በፊት ሁሉንም መረጃ በኤክሴል ወይም በሲኤስቪ (ኤክሴል በሚከፍተው ተራ የሠንጠረዥ ፋይል) ማውረድ መቻላችሁን እዩ፤ ኢንቮይሶቹንም በፒዲኤፍ። እኔ በየሩብ ዓመቱ ታክስ በምከፍልበት ቀን አውርጄ ሌላ ቦታ አስቀምጣለሁ። አይአርኤስ በአጠቃላይ ቢያንስ ለሦስት ዓመት ማስረጃ ያዙ ስለሚል ፕሮግራሙን ብታቆሙም ወረቀቱ እጃችሁ መኖር አለበት።

ዋጋውን ስታሰሉ ወርሃዊውን ብቻ አትዩ። ደንበኛው በካርድ ሲከፍል ፕሮግራሙ ወደ 3 ከመቶ የሚጠጋ ይቆርጣል። ከ1,000 ዶላር ላይ ወደ 30 ዶላር ማለት ነው። በባንክ ዝውውር ከሆነ ይቀንሳል። ኢንቮይሱ ላይ የካርድ ክፍያውን መዝጋት የሚቻል መሆኑን ፈትሹ፤ የምታውቁት ሰው በዜል (ከባንክ ወደ ባንክ በስልክ በሚላክበት) ሊልክላችሁ ሲችል ለምን 30 ዶላር ይጠፋል?

ለኛ ሰው ብቻ የሚነሳ አንድ ጉዳይም አለ። ለቤተ ክርስቲያን፣ ለዕድር ወይም ለእናቶች ማኅበር ስትሠሩ ኢንቮይሱን በአማርኛ መጻፍ ትፈልጉ ይሆናል። ስክሪኑ ላይ ፊደሉ ደህና ይታያል፤ ፒዲኤፉ ሲወጣ ግን ፊደላችንን በማያውቅ ፎንት ምክንያት ባዶ ሳጥን ሆኖ ሊመጣ ይችላል። «ሰላም» ብላችሁ ጽፋችሁ ለራሳችሁ በመላክ ሞክሩት።

አዲስ አበባ ሆናችሁ ለውጭ ደንበኛ የምትሠሩ ደግሞ ይህንን ልብ በሉ። የውጭ ፕሮግራም የሚያወጣው ኢንቮይስ ደንበኛችሁን ለማስከፈል ያገለግላል፤ በታክስ ቢሮ ዘንድ ሕጋዊውን ደረሰኝ አይተካም። የኢትዮጵያ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ጀምሮ ሰኔ 30 ያልቃል። ሐምሌ 1 በፈረንጆቹ ጁላይ 8 መሆኑ ነው። ብዙዎቹ ፕሮግራሞች የዓመቱን መጀመሪያ ወር እንጂ ቀን አያስመርጡም። ስለዚህ ሪፖርቱን ሁልጊዜ ቀኑን በእጃችሁ ሞልታችሁ ማውጣት ይኖርባችኋል።

ከሁሉም በፊት ለሥራ ብቻ የሚሆን የባንክ ሂሳብ ክፈቱ። የቤት አስቤዛና የሥራ ገቢ አንድ ላይ ከተቀላቀለ የትኛውም ፕሮግራም አያድናችሁም። ለብቻው የተከፈተ ሂሳብ ካላችሁ ደግሞ ግማሹ ሥራ ሳትጀምሩ አልቋል።

ከዚያ ሁለት ፕሮግራም ብቻ ምረጡና ያለፈውን አንድ ወር እውነተኛ ሥራችሁን በሁለቱም ላይ አስገቡ። ለሙከራ የፈጠራችሁትን ሳይሆን ያስቸገራችሁን ወር ምረጡ። የተሰረዘ ሥራ ያለበት፣ በግማሽ የተከፈለ ያለበት፣ አንድ ላይ ተደምሮ የገባ ገንዘብ ያለበት። በመጨረሻ ማን ያልከፈላችሁ እንዳለና ትርፋችሁ ስንት እንደሆነ ሪፖርት አውጡ፣ ከባንክ ወረቀታችሁ ጋር አስተያዩት። የሚገጥመውንና ሳያናድዳችሁ የጨረሳችሁበትን ያዙ።

የምትቀይሩ ከሆነ ጃንዋሪ 1 ጥሩ ቀን ነው፤ የድሮውን ዓመት በድሮው ፕሮግራም ዘግታችሁ በንጹህ ገጽ ትጀምራላችሁ። መሃል ላይ ከሆነባችሁ ከሩብ ዓመት መጀመሪያ ጀምሩ። የድሮውን ሁሉ ለማጓጓዝ አትድከሙ። ገና ያልተከፈሉትን ኢንቮይሶች ብቻ፣ ከነቁጥራቸውና ከነቀናቸው አስተላልፉ። የድሮውን ፕሮግራም ደግሞ የዚያ ዓመት ታክስ እስኪገባ አትዝጉት።